ያልታጠበው ማሊያ

ባለፈው ሳምንት ዴርቭላን የት ነው የተውናት? ከጓሮው ክፍል፣ ትልቁ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ፊት ለፊት፣ አሥራ አንድ ቁጥር ማሊያን በሁለት እጇ ዘርግታ። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። እንግዲህ ከዚያው እንቀጥል። ያላነበባችሁም አትቸገሩ፣ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው፣ አሳጥሬ እነግራችኋለሁ።

ኑዋላ እባላለሁ፤ የዴርቭላ አክስት ነኝ። በኪልብራን ሜዳ ዳር ሻይና ሳንድዊች የምሸጠው እኔ ነኝ። እህቴ ኖሪን ደግሞ የክለቡን ማሊያ ታጥባለች። ልጇ ዴርቭላ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ቀን ቀን የከብት መኖ መሸጫ ውስጥ ትሠራለች፣ ማታ ማታ እናቷን ታግዛለች። ቆንጆ ናት፣ ምላሷ ስል ነው። በዚህኛው እኔን ነው የወጣችው ይላሉ፤ ይበሉ።

ሎርካን ሃኬት ደግሞ የመቶ ሰማንያ ላም ጌታ ልጅ ነው። ከዋናው መንገድ እስከ ቤታቸው ደጃፍ ያለው መግቢያ ብቻውን ከኛ ግቢ ይሰፋል። ሁለቱ ከተዋደዱ ሁለት ዓመት ሆናቸው። እናቱ ወይዘሮ ሃኬት ዴርቭላን "የማሊያ አጣቢዋ ልጅ" እያለች ነው የምታነሳት። ስሟን ሳታውቀው ቀርታ እንዳይመስላችሁ፣ አሳምራ ታውቀዋለች።

ያን እሁድ ከሃያ አንድ ዓመት በታች የክፍለ ሀገሩ ኸርሊንግ፣ የዚያ በዱላ ኳስ የምንመታበት ጨዋታችን፣ ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ ነበር። ዝናቡ በባልዲ ይወርዳል። አሰልጣኛችን ጌር ሻናሃን ተንኮል ከእናቱ ጡት የጠባ ሰው ነው፤ ልምምድ ሲኖር የሜዳውን በር ይቆልፋል፣ ተቃራኒዎቻችን ዛፍ ላይ ወጥተው የሚሰልሉት ይመስለዋል። ዘንድሮ ደግሞ ሁሉንም ልጆች አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሄልሜት አለበሳቸው። ፊታቸው በሽቦ ተሸፍኖ፣ ጭቃ ተለቅልቀው፣ በቁጥራቸው ካልሆነ በምን ትለያቸዋለህ?

አሥራ አንድ ቁጥር የሎርካን ነው። እና ያን ቀን አሥራ አንድ ቁጥር ምን እንደነካው እንጃ! ዱላውን ይሰነዝራል፣ ኳሷ በጎኑ ታልፋለች። ሁለት ጎል ያገባልን አሥራ አምስት ቁጥር ነበር፤ የግድግዳ ለሳኙ የድዋየር ልጅ፣ ፊንታን። ሁለተኛውን እንዳገባ ወደ ሻይ መሸጫዬ ዞሮ ዱላውን ከፍ አደረገ። "ሻይ አምሮት ነው!" ብዬ ሳቅሁ። ዴርቭላ ግን ዞር ብላም አላየችው፤ ዓይኗ አሥራ አንድ ላይ ተተክሎ ቀርቷል።

"አክስቴ፣ ጉልበቱን አልመታም" አለችኝ።

ሎርካን ጨዋታ ሊጀመር ሲል ዱላውን ከግራ ጉልበቱ ጀርባ ሁለቴ መታ መታ የማድረግ ልማድ አለው። "ፈረስህን ቀሰቀስከው?" እያለች ትቀልድበታለች።

"ዝናብ ነው፣ ረስቶት ይሆናል" አልኳት።

"እሱን ከረሳ እኔንም ረስቶኛል።"

አሸነፍን፣ ጨዋታው አለቀ። ልጆቹ ሄልሜታቸውን ሳያወልቁ ወደ መልበሻ ክፍል ሮጡ። አሥራ አንድ ቁጥር ብቻ ወደ ኋላ ቀረና ከግድግዳው ጀርባ ዞረ። አንዲት ልጅ ተንደርድራ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አይሊሽ ፕሬንደርጋስት! የእንስሳት ሐኪሙ ልጅ፣ ባለ ነጯ መኪና፣ ወይዘሮ ሃኬት ለልጇ በልቧ ያጨቻት። ዴርቭላ አየች። እኔም አየሁ። ያፈላሁትን ሻይ እዚያው ትቼ እጇን ያዝኳት፤ በረዶ ሆኗል።

ማታ ነው እንግዲህ ማሊያውን የዘረጋችው። ነጩ ጀርባ ላይ ሁለት ቡናማ ክንድ ከነጣቶቹ ታትሟል። በኛ አገር ፀሐይ የለችምና ሴት ልጅ ሁሉ ጠይም ለመምሰል ቅባት ትቀባለች፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ያ ቅባት ይለቃል፣ ይጋባል።

"እንዴት አድርጋ እንደያዘችው አየሽ?" አለችኝ። "እሷን አይደለም የምጠላው፣ አክስቴ። እጆቿን ነው። እኔም ሳቅፈው እጄ የሚያርፈው እዚያው ጋ ነው።"

ሌላው ሁሉ ማሊያ ማሽን ውስጥ ገባ። ያኛውን ግን አጣጥፋ ከመደርደሪያው በላይ ወረወረችው።

ረቡዕ ለዶሮዎቼ መኖ ልገዛ ወደ ሱቋ ሄድኩ። ሎርካን መጣ፤ ለጥጆች የወተት ዱቄት ፈልጎ ነው አሉ። እኔ መኖዬን ገዝቼ ጨርሻለሁ፣ ግን እግሬ አልሄድ አለኝ።

"ምን ልታዘዝ ጌታዬ?" አለችው። ጌታዬ! ሁለት ዓመት ስትስመው የኖረችውን ልጅ!

"ዴርቭላ፣ ስልክሽን ለምን አታነሺም?"

"እጄ እርጥብ ነው። ማሊያ አጣቢ ነኝ እኮ።"

"እንዲህ ብዬሽ አውቃለሁ?"

"እናትህ ትለኛለች። አንተ ደግሞ በሥራህ ነገርከኝ። እሁድ ማንን ነው ያቀፍከው?"

"እኔ?"

"የለም፣ ቅድመ አያትህ! ከመልበሻ ክፍሉ ጀርባ፣ አይሊሽ አንገትህ ላይ ተንጠልጥላ። እኔም አይቻለሁ፣ አክስቴም አይታለች።"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። የመኖውን ከረጢት ጽሑፍ የማነብ መሰልኩ።

የልጁ ጆሮ ቀላ። "መናገር አልችልም" አለ። "ቃል ገብቻለሁ።"

"ለእሷ?"

"ለእሷ አይደለም። እስከ እሁድ ታገሺኝ። ፍጻሜው ይለቅና ሁሉንም እነግርሻለሁ።"

"እስከ እሁድ! እሷ ጋ ስትሄድ ግን እሁድን አልጠበቅክም።"

"ዴርቭላ፣ ጎሎቹንስ? ጎሎቹን አላየሽም?"

"የፊንታንን? አይቻለሁ፣ አጨብጭቤአለሁም። አንተ ግን ኳሷ ባጠገብህ ስታልፍ እንደ መንገደኛ ነበር የምታያት። ልብህ እዚያ አልነበረም። የት እንደነበረ ደግሞ በኋላ አየነው።"

ይህን ስትለው ልጁ ላይ አንድ ነገር ሲሰበር አየሁ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን አያት፣ ብዙ አያት።

"ስለዚህ እኔን አላየሽኝማ" አለ።

"ከሚገባው በላይ አይቼሃለሁ!"

"አጎቴ ኒውዚላንድ ባለው እርሻው ሥራ ሰጥቶኛል፣ ለሁለት ዓመት። እናቴ እሁድ ማታ መልስ ትፈልጋለች። ልሂድ አልሂድ የሚለውን ላንቺ ነበር የተውኩት።" ኮፍያውን ደፋ አደረገ። "እሁድ ነይ። በደንብ እዪኝ። ያን ጊዜም ካላየሽኝ እሄዳለሁ።"

"መልካም መንገድ!"

የጥጆቹን ወተት ሳይዝ ወጣ። በሩ እንደተዘጋ ልጅቷ ከከረጢቶቹ ኋላ ቁጭ ብላ አለቀሰች። "ሂጂ ጥሪው፣ ገና መኪናውን አላስነሳም" ብላት፣ "አልጠራውም! አይሊሽ ትጥራው! ላሞቹ ይጥሩት!" አለችኝ በሳግ። መኪናው ተነስቶ ሲሄድ ግን ትንፋሿን ውጣ ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጠችው።

ቅዳሜ ማሊያዎቹን አጣጥፋ በሻንጣ ስትከት፣ አሥራ አንድ ቁጥርን ከነቅባቱና ከነጭቃው ከሥር ሸጎጠችው። አየኋት፣ አየችኝ። ለእናቷ መንገር ነበረብኝ። ሐቁን ልናገር? ደስ አለኝ፣ ዝም አልኩ።

የፍጻሜው ቀን ፀሐይ ወጣች። የኪልብራን ሰው ሁሉ መጥቷል፤ የተቃራኒያችን የካሪግሞር ሰው ከኛ ይበዛል፣ አሰልጣኛቸውም ከሻይ ጠረጴዛዬ ሁለት እርምጃ ቢርቅ ነው። ልጆቻችን እንደ በረዶ የነጣ ማሊያ ለብሰው ሮጠው ወጡ። ከመሀላቸው አሥራ አንድ ቁጥር ጭቃው ደርቆበት፣ ጀርባው ላይ ሁለት ቡናማ ክንድ ታቅፎት ብቅ አለ። ሜዳው በሳቅ ፈነዳ።

"በቁሜ ሞትኩ!" አለች እህቴ ኖሪን፣ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና።

ወይዘሮ ሃኬት ከፊታችን ነበረች፤ በጠራራ ፀሐይ ዣንጥላ ይዛ። አንገቷን ብቻ ዞር አደረገች። "ኖሪን፣ ሳሙና አልቆብሻል? ብትነግሪኝ እኮ እልክልሽ ነበር። ልጄን በሰው ፊት እንዲህ ከምታዋርጂው።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወይዘሮ ሃኬት፣ እንዴት እንደሆነ…"

"ሳሙናው ሞልቷል" አለች ዴርቭላ። "ቆሻሻው ነው አልለቅ ያለው።"

ኖሪን ልጇን ቆነጠጠቻት። እኔ ሳቄን ስኳር ጣሳ ውስጥ ደበቅሁት።

ከዚያ አይሊሽ ሻይ ልትገዛ መጣች። በዚያ ሙቀት እጅጌው እስከ ጣቷ የሚደርስ ሹራብ ለብሳለች። ዴርቭላ ኩባያውን አቀበለቻት።

"ያ ማሊያ… ለምን አልታጠበም?" አለች አይሊሽ በሹክሹክታ።

"ያንቺ ቀለም ውድ ነው መሰለኝ፣ በቀላሉ አይለቅም።"

አይሊሽ እንደ ቲማቲም ቀላች። "በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ ለአባቴ እንዳትነግሪብኝ። ካወቀ ይገድለኛል" ብላ ሻይዋን እያፈሰሰች ሮጠች።

ዴርቭላ በዓይኗ ተከተለቻት። ግንባሯ ተቋጠረ። "አክስቴ፣ የእንስሳት ሐኪሙ የሃኬትን ልጅ አማች ቢያገኝ ምን ያደርጋል?"

"ምን ያደርጋል! ድግስ ይደግሳላ።"

"ታዲያ እሷን ምን ያስፈራታል?"

ዳኛው ፊሽካውን ወደ አፉ አስጠጋ። የካሪግሞር ሁለት ግዙፍ ተከላካዮች ወደ ቆሻሻው ማሊያ ሄደው ግራና ቀኙን ያዙት። በወዲያኛው ጥግ አሥራ አምስት ቁጥር ብቻውን ቆሟል፤ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ዱላውን አነሳ። ከግራ ጉልበቱ ጀርባ ሁለቴ መታ መታ አደረገ።

ዴርቭላ ክንዴን ጨመቀችው። በእጄ የያዝኩት ሻይ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ።

"አክስቴ። አሥራ አምስቱ።"

"ፊንታን? ምን ሆነ?"

"ፊንታን አይደለም! እሱ እኮ ነው! ሎር…" ስሙን ልትጨርሰው ስትል የካሪግሞርን አሰልጣኝ ጀርባ አየችው። በአንድ እጇ የራሷን አፍ፣ በሌላው የእኔን አፈነች።

ያን ጊዜ ገባኝ። ጌር ሻናሃን፣ ያ ተንኮለኛ! የልጆቹን ማሊያ አቀያይሮታል። ተቃራኒዎቹ ጉልበታቸውን ሁሉ አሥራ አንድ ላይ እንዲጨርሱ ሎርካንን በፊንታን ቁጥር ደብቆታል፣ ለእናታቸው እንኳ እንዳይናገሩ አስምሏቸዋል። በግማሽ ፍጻሜውም እንደዚያው ነበር ማለት ነው። ሁለቱን ጎል ያገባው ሎርካን ነው። አይሊሽ ያቀፈችው የለሳኙን ልጅ ነው። እኛ ሳምንቱን ሙሉ ፊንታንን በመጠጥ ቤቱ ስናወድስ፣ ሎርካንን "አበቃለት" ስንለው፣ ልጁ ዝም ብሎ ተሸከመው።

"ዞሮ ነበር" አለች ዴርቭላ። እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። "ጎሉን አግብቶ ዱላውን ያነሳው ለእኔ ነበር። እሱ ዞሮ ሲያየኝ እኔ ሌላ ሰው እያየሁ ነበር፣ አክስቴ።"

ቅናት ብዙ ዓይነት አይቻለሁ፤ እንደዚህ ተገልብጦ ባለቤቱን ሲበላ ግን አላየሁም። ሌላይቱን ልጅ ረስታ በራሷ ላይ ተነሳች። የገዛ ዓይኗ ላይ።

ጨዋታው ጦርነት ነበር። ቆሻሻው ማሊያ በሄደበት ሁለት ሰው ይከተለዋል፣ ሎርካን ኳሷን ከጎሉ አግዳሚ በላይ እየሰደደ ነጥብ በነጥብ ይለቅማል። እሷ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። በጎረቤታችን ሴት ልጅ አፍ "ጎበዝ ፊንታን! የኔ ቆንጆ!" ሲባል ዴርቭላ በንዴት ትዞራለች፣ መናገር አትችልም። ስሙ የሌላ ሰው ሆኖ በሰው አፍ ሲጠራ ማዳመጥ ምን ያህል እንደሚያቃጥል ከፊቷ ላይ አነበብኩት።

ሊያልቅ ሲል በሁለት ነጥብ እየተመራን ነበር። ሎርካን ኳሷን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል የካሪግሞር ተከላካይ በትከሻው ገጭቶ ጣለው። ተዘረረ። አልተነሳም።

ወይዘሮ ሃኬት አልተንቀሳቀሰችም፤ ለእሷ የወደቀው የለሳኙ ልጅ ነው። ዴርቭላ ግን ጠረጴዛዬን ገፍትራ አጥሩ ላይ ተለጠፈች። አፏ ስሙን ሊጠራ ሲከፈት አየሁ። ስሙ ከወጣ የሳምንት ሙሉ ድካም፣ የሰፈሩ ሁሉ ዋንጫ አብሮ ሊወጣ ነው። ዋጠችው።

"አሥራ አምስት!" ብላ ጮኸች፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ። "ተነሥልኝ! አየሁህ! የኔ ፍቅር፣ አየሁህ!"

ሜዳው በሙሉ ወደ እኛ ዞረ። ወይዘሮ ሃኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ለኖሪን ፈገግ አለችላት። "እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ልጅሽ አቻዋን አገኘች። የድዋየር ልጅ ይስማማታል።"

ምላሴን ነክሼ ያዝኩት፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ወዲያ ማዶ ልጁ በአንድ ጉልበቱ ተነሳ። ፊቱ በሽቦ ስለተሸፈነ አይታይም። ግን ወደ አጥሩ ዞረ፤ ዱላውን ከግራ ጉልበቱ ጀርባ ሁለቴ መታ መታ አደረገ። ዴርቭላ ሳቀችም አለቀሰችም።

ቀጥሎ የመጣችውን ኳስ አየር ላይ እንዳለች መታት። መረቡ ተነፋ። ጎል ሦስት ነጥብ ነው፤ በአንድ በለጥን። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ።

ጌር ሻናሃን ኮፍያውን ወደ ሰማይ ሲወረውር ልጆቹ ሄልሜታቸውን አወለቁ። ከቆሻሻው ማሊያ ውስጥ የፊንታን ድዋየር ቀይ ፀጉር ወጣ። የእንስሳት ሐኪሙ የፊንታንን ጀርባ አየ፣ የራሱን ልጅ አይሊሽን አየ፣ "እስቲ እጅጌሽን ሰብስቢ" አላት። ከአሥራ አምስት ቁጥር ደግሞ ሎርካን ሃኬት ወጣ፣ ቅንድቡ ደምቶ። የወይዘሮ ሃኬት ዣንጥላ ሣር ላይ ወደቀ፤ ያነሳላትም አልነበረም።

ማንንም ሳያይ ወደ አጥሩ መጣ።

"ስሜን አልጠራሽም" አላት።

"የካሪግሞር አሰልጣኝ አጠገቤ ቆሞ? ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ አፌ ውስጥ ይዤው ነበር። አንቆ ሊገድለኝ ነበር።"

"እንግዲህ አውጪው።"

"ሎርካን" አለች፣ ቀስ ብላ። "ሎርካን፣ ይቅር በለኝ። ዞረህ አይተኸኝ ነበር።"

"አይቼሽ ነበር።"

"እሷ አቀፈችህ ብዬ ማሊያውን አላጠብኩም።"

"እሱንማ አገር አየው" አለና ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረ። "ሳምንቱን ሙሉ ሁሉም ሲሰድበኝ ግድ አልነበረኝም። ያንቺ ብቻ ነው ያቃጠለኝ። እሷ እንኳ ካላወቀችኝ ማን ያውቀኛል አልኩ።"

"አትሂድብኝ።"

እጆቿን በአጥሩ ላይ አሳልፋ አቀፈችው፤ በቆሻሻው ማሊያ ላይ ቅባቱ ባረፈበት ቦታ፣ ትክክል እዚያው። ሎርካን ጉንጩን ፀጉሯ ላይ አሳርፎ ወደ እናቱ ተመለከተ። "እማዬ፣ የማታው መልስ ይኸው ነው።"

"ይቺን? የማሊያ አጣቢዋን…"

"ዴርቭላ ነው ስሟ።"

"ስሟንማ አውቀዋለሁ" አለች ወይዘሮ ሃኬት፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። ከዚያ ራሷ ጎንበስ ብላ ዣንጥላዋን አነሳች። ልጇ ሲወድቅ እሷ ቆማ ፈገግ እንዳለች ትዝ ያላት ያኔ ይመስለኛል፤ ዓይኗ ረጥቦ ነበር።

እኔስ? ኩባያዎቼን ሰብስቤ ቤቴ ገባሁ። ባሌ ዴክላን ሶፋው ላይ ተጋድሞ ቴሌቪዥን ያያል። ኮቴን ሳላወልቅ ፊቱ ቆምኩ።

"ዴክላን፣ ፊቴ ተሸፍኖ፣ የሌላ ሰው ልብስ ለብሼ፣ ከሩቅ ብሮጥ ታውቀኛለህ?"

ቀና ብሎ አየኝና "ሮጠሽ ታውቂያለሽ እንዴ?" አለኝ።

ሳቅሁ። ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና ድስቶቹን ማንኳኳት ጀመርኩ። ቀንቻለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ በእህቴ ልጅ፣ ሆዴ እስኪቃጠል ቀንቻለሁ።